ቀዩ የጫማ ክር

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም፤ እጄ የለመደው ብየዳ ነው። ግን ስለ ዴኒ ዎይቺክ ሌላ የሚጽፍ አላገኘሁም።

ዴኒ እዚህ ዲትሮይት፣ እኔ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ራሱን ይላጫል፣ ጂንሱን ከቦት ጫማው በላይ ያጥፋል። ይህን የቀዳው ከአንድ የእንግሊዝ ፊልም ነው። አፋር ስለሆነ ከሰው አይውልም፤ ጓደኛው ክሊፍተን የሚባል ጥቁር ልጅ ብቻ ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣ የጃማይካ ሸክላ እየተዋዋሱ ይሰማሉ። ክሊፍተን ከሌለ ዴኒ ማንም የለውም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ፊልም ሊያዩ ሲኒማ ቤት በር ላይ ተቀጣጠሩ። ዴኒ የፊልሙን ልጅ አይቶ ጫማውን በአዲስ ቀይ ክር አስሮ መጣ። በፊልሙ ክሩ ጌጥ ነው። በኛ ሰፈር ግን ቀይ ክር ያሰረ ነጭ መላጣ «የጥቁር ደም አፍስሻለሁ» ማለቱ ነው። ይህን ለዴኒ የነገረው የለም።

ክሊፍተን ሳይደርስ ጥቁር የሚጠሉ ሦስት ነጭ መላጦች መጡ። ሮስኮ የሚሉት ትልቁ የዴኒን እግር አየ።

«የኛ ሰው፣ እስከ ዛሬ የት ተደብቀህ ነው? ማንን ጥለህ ነው ያሰርከው?»

ዴኒ አልገባውም፤ ግን አፍሮ ሳቀ። ክሊፍተን መንገዱን ተሻግሮ ሲደርስ ያየው ክሩንና ያንን ሳቅ ነው።

«እንዲህ ነህ ለካ፣ ዴኒ? የእናቴን ምግብ እየበላህ?»

«ምን አደረግኩ?»

ሮስኮ በጠርሙስ የክሊፍተንን ፊት መታው። ሲወድቅ ሁለቱ በካልቾ ተረባረቡበት። የጎድን አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ይጮኻል።

«ና እንጂ» አለ ሮስኮ ለዴኒ። «ጫማህን አሟሽ።»

ያኔ ለዴኒ የክሩ ትርጉም ገባው። እግሩን አንስቶ የሮስኮን ጉልበት ከጎን በካልቾ ሰበረው። ሁለቱ ክሊፍተንን ትተው ወደ እሱ ዞሩ። ሦስት ጥርሱ ረገፈ፣ ጆሮው በጫማ ሶል ተተረተረ። የፖሊስ ሳይረን ሲሰሙ ሮስኮን እየጎተቱ ሸሹ።

ዴኒ ለክሊፍተን እጁን ዘረጋ። ክሊፍተን አልያዘውም።

«ለማን ብለህ ነው ያሰርከው?»

«ለፊልሙ» ሊል ነበር፤ አፉ ደም ሞልቶ ቃሉ አልወጣም። ክሊፍተን ጎኑን ይዞ እያነከሰ ብቻውን ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዴኒ ጋራዥ አልገባም። ቀዩን ክር በቢላ ቆራርጦ፣ ጫማውን በሲባጎ ጠፍሮ፣ በእግሩ ክሊፍተን ቤት ሄደ። በሩን የከፈቱት እናትየው ሚስ ኦርሊን ናቸው። ያበጠ ፊቱን አላዩም፤ ያዩት በሲባጎ የታሰረውን ጫማ ነው። በሩን ሳይዘጉት ወደ ውስጥ ተመለሱ። ዴኒ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ክሊፍተን እስኪወጣ ጠበቀ።