ድጋሚ የተላከ መርዶ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ባሌም አያውቅ፣ እናቴም አታውቅ። በጸሎት እንኳ ዙሪያውን ነበር የምዞረው፤ «አውቄም ሳላውቅም የበደልኩትን» እያልኩ። ምን ሳላውቅ! አሳምሬ ነው የማውቀው።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። ለማኅበራት ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ሰርቨር ተከራይቼም አስቀምጥላቸዋለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ የሰፈራችን እድር ነው። የእድሩ ድረ ገጽ የተሠራበት ሶፍትዌር አርጅቶ ስለነበር ሰርቨር የሚያከራየኝ ድርጅት ወደ አዲስ ካላዛወርሽው እንዘጋዋለን አለኝ። መርዶ የሚለጥፉበት ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። እሳቸው አዲስ መርዶ ሲለጥፉ ድረ ገጹ ራሱ ለአባላቱ ሁሉ በስልክ መልእክት ይልካል።

ሳዛውር መልእክት መላኪያውን መዝጋት ነበረብኝ። ረሳሁ ልበል? አይ፣ ቸኩዬ ነው። የጓደኛዬ ሰርግ ነበር፣ ፀጉሬ ገና አልተሠራም። አሮጌዎቹ መርዶዎች ወደ አዲሱ ሲገቡ ሶፍትዌሩ ሁሉንም የዛሬ አድርጎ ቆጠራቸው፤ የስንት ዓመት ሙት በአንድ ከሰዓት ለአባላቱ ተላከ።

ጉድ ፈላ! «የአዴ ጫልቱ ባለቤት አርፈዋል፣ ቀብር ነገ» የሚለው የደረሳቸው ዘመዶቿ ከኡኬ ከተማ ሚኒባስ ሞልተው እየጮኹ መጡ። መርዶው የፊተኛው ባሏ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሌላ አግብታለች። በሩን የከፈተላቸው ሞተ ብለው ሊያለቅሱለት የመጡት አዲሱ ባል ነው።

የእድሩ ሰዎች ጠርተው ማን ነካው አሉ። እኔ፣ ይህችው እኔ፣ «ዝውውሩን በደህና ጨርሻለሁ፤ ኋላ ኦቦ ገመቹ ገብተው የሆነ ነገር ነክተው ይሆናል» አልኩ። ይሆናል! ምላሴን ምን ነካው? እሳቸው እኮ አልተከራከሩም። «ነክቼ ይሆናል፤ አላስታውስም» አሉ። ሥራውን ለሌላ ሰጡባቸው።

እኔ በዚያው ያልቃል ብዬ ነበር። አላለቀም። ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ማመን ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩት የኖሩትን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት እሳሳታለሁ ብለው አቆሙ። ቢላ ከተማ ያሉት እህታቸው ጋ ብቻቸውን መሄድ ፈሩ። ሰው «እርጅና መጣባቸው» ሲል እኔም አብሬ ከንፈሬን መጠጥኩ። እናንተ የምታነቡ፣ ምን ትሉኛላችሁ? እርጅናውን ያመጣሁባቸው እኔ ነበርኩ፤ ለአንድ ፀጉር ብዬ የሰው አእምሮ ወሰድኩ።

ባለፈው ሳምንት መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ መጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስወጣ መታወቂያውን መያዜን እይልኝ፤ እኔ እንደሆነ አልታመንም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። በሩን ዘጋሁና ከመልእክቱ እስከ ፀጉሬ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እና እኔ አልነካሁም?»

«አልነኩም።»

«ጭንቅላቴ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ ኦቦ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠጋ ስል እየሳቁ ነው። ከላዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ መሰለኝ፤ ቀሎኛል ማለት የማይገባኝ ሰው ሆኜ ሳለ ቀለለኝ። እሑድ ደግሞ እድሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ሰበብ የለኝም።

«ኧረ ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ቆይ እንጂ» አሉ እንባቸውን በባርኔጣው እየጠረጉ፣ «መጀመሪያ ልደሰት።»