ጠጅ ቀማሿ ከዝዋይ

ብሩክታይት ቢቸና የገባችው በክረምት መውጫ ነው። ሥራዋ የጤና ጣቢያዎችን የክትባት ማቀዝቀዣ መጠገን ሲሆን፣ መቀመጫዋ ቢቸና፣ መንገዷ ደግሞ እስከ ሞጣ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ዝዋይ ነው። አባቷ አቶ ሣህለ ማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ በወይን እርሻ ሐረግ ሲከረክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ወይን ጠጅ ቤታቸው የሚገባው ለዓመት በዓል ብቻ ቢሆንም፣ ለልጃቸው ከብርጭቆ ጫፍ እያቀመሱ፣ «ቶሎ አትዋጪው፤ መጀመሪያ ምላስሽ ላይ ይረፍ። ፀሐዩንም ዝናቡንም እሱ ራሱ ይነግርሻል» ይሏት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በዳቦና በሻይ ገፋቻቸው። ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ጠፍቶባት ነው። ለብቻ የተበላ እህል አንጀት አይደርስም። ከሆቴል ሆቴል ብትዞርም ያንኑ የደረቀ ጥብስ ፊቷ ያስቀምጡላታል፤ ግማሹን ትታ ትነሣለች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፋ።

አብረዋት መስክ ከሚወጡት ሰዎች መካከል ሾፌሩ አብዱልሐኪም አንዱ ነው። የሞጣ ልጅ ነው፤ አባት አያቶቹ በንግድ የኖሩ። በእሷ ዕድሜ ያለ፣ ነገር የማያበዛ፣ በምግብ ጉዳይ ግን የማይታማ ሰው ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ምግብ ቤት በበሩ ሳይሆን በጓዳው ያውቀዋል፤ የትኛዋ ወጥ ሠሪ ሽንኩርቷን በትዕግሥት እንደምታቁላላ፣ የትኛዋ እንደምትቸኩል አንድ በአንድ ይነግርሃል። ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁለቱ መኪናው በር ላይ ይለያያሉ። እሱ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት፣ እሷ ወደ ክርስቲያን ሥጋ ቤት።

አንድ ቀን ከሞጣ በፊት በምትገኘው በግንደወይን ከተማ መኪናውን አቁሞ ዞር አለና፣ «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» አላት።

«ነው። ምነው?»

«እንግዲያ አንቺም ሥጋ አትበዪም። ሽሮ ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ነይ፣ አንድ ቤት ላሳይሽ።»

ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች፣ ምልክት እንኳ ባልተሰቀለባት ቤት የሱፍ ፍትፍትና ምስር ቀረበላቸው። ምስሩ ላይ ስናፍጭ ጠብ ተደርጎበታል። ብሩክታይት ቢቸና ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ አስጨመረች። አብዱልሐኪም አይቶ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ከዚያ በኋላ መስክ የሚወጡበትን ቀን ረቡዕና ዓርብ አደረጉት። መሥሪያ ቤት ያሉት፣ «ሰው ሁሉ የፍስክ ቀን ሲጠብቅ እናንተ ጾም ትጠብቃላችሁ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እነሱ ግን አገሩን በገበታ ለመዱት። የት ሽሮው በደንብ እንደሚንተከተክ፣ የት ቲማቲም ስልሱ እንደማይቆመጥጥ፣ የት ደግሞ ደጁ ቆንጆ ሆኖ ወጡ ውሃ እንደሆነ እየቀመሱ ለዩ። ሞጣ ሲደርሱማ የአብዱልሐኪም እናት ወይዘሮ ሳብሪያ አዲስ ድስት ገዝተው፣ «ይኼ ድስት ቅቤ የሚባል አልነካውም፤ የአንቺ ነው» ብለው ለብቻው ሰቀሉላት።

ዓርብ እኩለ ቀን አብዱልሐኪም ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ብሩክታይት ሞጣን በእግሯ ትዞራለች። ከተማው ውስጥ የሚወራ አንድ ነገር ነበር፤ የእትዬ ጥሩአየሁን ጠጅ ያልቀመሰ ሞጣን አየሁ አይበል ይባላል። ጠይቃ ጠይቃ አገኘችው። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ግን አብዛኛዎቹ ባዶ ነበሩ።

እትዬ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። «ሰው ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«አይደለም እትዬ። ጠጅዎን ልቀምስ ነው።»

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ሴት ልጅ ብቻዋን? በይ ወደ ጓዳ ዝለቂ፤ እዚህ ያፈጡብሻል» አሉና እዚያው በብርሌ ቀዱላት።

ብሩክታይት እንደለመደችው ምላሷ ላይ አሳረፈችው። ማሩ የደጋ ማር ነው፤ አደይ አበባ የጠገበ። ነገር ግን ወዲያው መራራነቱ መጣና ሸፈነው። ጌሾው ጋኑ ውስጥ ከልክ በላይ ሰንብቷል። ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጭስም ጉሮሮ ይይዛል። ብርሌውን ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

«እንዴት ነው?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ።

«ማሩ ግሩም ነው።»

«ስለ ማሩ አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ልዋሽ ብላ ነበር፤ ዓይናቸውን ስታይ አልሆነላትም። «ጌሾው በዝቶበታል እትዬ። ጭሱም በርትቷል።»

እትዬ ጥሩአየሁ ተቆጥተው የሚያስወጧት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው ከጎኗ ተቀመጡ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ ከክፉው ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬም ምላሴም ጥለውኝ ሄደዋል። ቅቤና ሳሙና አልለይም። ደንበኛው አንድ ብርሌ ይጠጣና አመስግኖ ይሄዳል፤ በዚያው ይቀራል። ምን እንደጎደለ ግን የሚነግረኝ የለም። ለማንስ እላለሁ? ጠጅዋን የማታጣጥም ጠጅ ጣይ፣ ጆሮው እንደተደፈነ መሪጌታ ማለት ናት።»

ብሩክታይት ብርሌውን እንደገና አንሥታ፣ «እኔ በየዓርቡ እዚህ ነኝ። ልቅመስልዎት?» አለቻቸው።

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ አልሆነም። አንዱ ጥንስስ እንደ ሽሮፕ ጣፈጠ፤ ሌላው ደግሞ ሆመጠጠና ተደፋ። እትዬ ጥሩአየሁ እጃቸው ሥራውን ያውቃል፤ የጎደላቸው መቼ ይበቃል የሚለው ብቻ ነው። እሷ ምላሷ ይነግራታል፤ እንዴት እንደሚታረም ግን አታውቅም። «አሁንም ይመራል» ስትላቸው ጌሾውን ያወጡታል። «ገና ውሃ ውሃ ይላል» ስትላቸው ማር ይጨምራሉ። ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዳንዴም ሲኮራረፉ ከርመው፣ በተከታዩ ዓመት የኅዳር ማር በገባ ጊዜ አንድ ጠጅ ወጣ። ብሩክታይት ቀመሰችው፤ ምላሷ ላይ አረፈ፤ ደጋው በሙሉ ብጫ ሆኖ ታያት። ብርሌዋን ዘረጋች። እትዬ ጥሩአየሁም ምንም ሳይጠይቁ ደገሟት።

ሰዉ ወሬውን ሰማ፤ አግዳሚዎቹ ሞሉ። ለአብዱልሐኪምም ጌሾ ከመግባቱ በፊት ብርዝ በጆግ ይቀመጥለታል። ከመስጊድ ሲመለስ ጓዳ ተቀምጦ እየጠጣ፣ «ማሩን አስክራችሁ ከምታበላሹት እንዲህ ብትተዉት ምን ነበር» ይላቸዋል።

በዓመቱ አቶ ሣህለ ማርያም ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ጥየቃ ብቻ አልነበረም፤ ዝዋይ ላይ ሥራ አፈላልገውላት ይዘዋት ሊመለሱ አስበው ነው። ዓርብ ቀን ወደ ሞጣ ሲሄዱ ግንደወይን ላይ የከተማዋን ስም ሰምተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ግራ ቀኙን ይቃኙ ጀመር።

«ምን ይፈልጋሉ አባባ?» አለቻቸው።

«ወይኑን ነዋ።»

አብዱልሐኪም መሪውን እንደያዘ ትከሻው በሳቅ ተናጠ። ባቄላና ጤፍ እንጂ አንድ ሐረግ እንኳ ሳያዩ ሞጣ ገቡ። ወይዘሮ ሳብሪያ ቤት ከዚያ ድስት በሉ። ቀጥሎ እትዬ ጥሩአየሁ ጓዳ ተቀመጡ።

አቶ ሣህለ ማርያም ብርሌውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት፤ አሸተቱት፤ ጎንጭ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ጥሩአየሁ እንደ ሙሽራ እናት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ወይንስ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት ይሁን?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። «ግንዱን እኮ መንገድ ላይ አልፋችሁት መጣችሁ።»

አቶ ሣህለ ማርያም የነገሩ ወርቅ ሲገባቸው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይድገሙኝ» ብለው ብርሌውን አቀበሉ። ስለ ዝዋዩ ሥራ ያን ቀን አላነሡም፤ በማግሥቱም አላነሡም። አውቶቡስ ተራ ሲሸኟቸው ብቻ፣ «እናትሽ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አሏት።

«ደህና ትበላለች ይበሏት» አለች። ያ በቃቸው።

ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ፣ ብሩክታይት አዲሱን ጠጅ ልትቀምስ ስትቀርብ እትዬ ጥሩአየሁ ቀድመዋት ብርሌውን አፍንጫቸው ሥር ያዙት። «ወይራው ዛሬ ለስለስ ብሏል» አሉ።

ብሩክታይት አፍጥጣ አየቻቸው። «ይሸትዎታል?»

እትዬ ጥሩአየሁ ወደ ጋኑ ዞር አሉ። «በጾሙ ጌሾ ስከትፍ ሽታው መጣልኝ። ምላሴም ቀስ በቀስ ተከተለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ከነገርኩሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

ብሩክታይት በርጩማዋን ስባ እንደወትሮው ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና ብርሌውን ተቀብላ ቀመሰች። «ጥቂት ቀን ይቀረዋል» አለች።

«ደርሷል» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ።

«አልደረሰም እትዬ።»

«እኔ ይህን ጋን ማጠን ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።»

አብዱልሐኪም ከሶላት ተመልሶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ሁለቱ አንድ ብርሌ መሐላቸው አድርገው በየተራ እየቀመሱ ገና ይከራከሩ ነበር። ምድጃው አጠገብ ያለውን የብርዝ ጆግ ራሱ አንሥቶ ቀዳና፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።