ስንተኛ ወጣሽ?

እ.ኤ.አ. በ2003፣ የዳላስ ሙቀት ማቃጠል በጀመረበት ሰኔ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእማዬ ጋር ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት እንኖር ነበር። ዛሬም ከማድረቂያ የወጣ ልብስ ሽታ ያንን ሰኔ ያመጣብኛል። ንዴቱም አብሮ ይመጣል።

ሚያዝያ ላይ እማዬ ከትምህርት ቤት አውጥታኝ ነበር። እንግሊዝኛ ስለማልችል ከሌሎቹ ለይተው በአንዲት ጠባብ ክፍል አስቀምጠውኝ ነበር። አንድ ቀን ሳትነግራቸው መጣች። የተርኪ ሥዕል ቀለም ስቀባ አገኘችኝ። አሜሪካኖች በኅዳሩ የምስጋና በዓል የሚበሉት ትልቅ ወፍ፣ በሚያዝያ። መምህርቷ ፈገግ ብላ፣ በጣም ጸጥተኛ ልጅ ናት ብላ አመሰገነችኝ። እማዬ እጄን ይዛ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ጠዋቱ የእኛ የትምህርት ሰዓት ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን፣ የልብስ ቅርጫቱን ተሸክመን ወደ አፓርትመንቱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ወደ ላውንድሪው፣ እንወርዳለን። ማድረቂያው፣ ድራየሩ፣ መዞር ሲጀምር ማንበብ እጀምራለሁ፤ ሲቆም መጽሐፉ ይዘጋል። የሚታጠብ ልብስ በሌለ ቀን ምስሩ እስኪበስል እናነባለን። አንዳንዴ ታሪኩ መሐል ላይ ሆኜ ልቀጥል ብዬ ስለምናት እማዬ እሺ አትልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትላለች። ነገን እየናፈቅሁ እተኛለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጸበል ጻዲቅ ሲቀመስ፣ ጋሽ ተረፈ ልጆችን ሰብስበው «ስንተኛ ወጣህ? ስንተኛ ወጣሽ?» ይጠይቁ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የመንገደኞች አውቶቡስ የሚነዱ፣ ኪሳቸው ማስቲካ የማያጣ ሰው ነበሩ። እዚህ አገር ደረጃ የሚባል ነገር እንደሌለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማስቲካው የሚሰጠው ግን «አንደኛ» ላለ ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ልጅ ሁሉ አንደኛ ነበር። እናንተም እዚያ ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ።

የዚያን እሑድ ተራዬ ደረሰ። እማዬ ውሸት አትወድም።

«እኔ ቤት ነው የምማረው። ብቻዬን ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው አንደኛም መጨረሻም አንቺ ነሽ!»

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ተረፈ ወደ እማዬ ዞሩ። «ጥሩወርቅ፣ አሜሪካ ያመጣሻት ደብቀሽ ልታሳድጊያት ነው?» እንደገና ተሳቀ። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

ቤት ስንደርስ «ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ትመለሻለሽ» አለችኝ። ያቺ ጠባብ ክፍል ታየችኝ። ተርኪው ታየኝ።

«እሳቸው ስለሳቁ ነው?» አልኳት።

ሥዕለ ማርያም ፊት ቆማ ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ስትደውል ሰማኋት። ወደ ትምህርት ቤቱ የደወለች መሰለኝ። «ጋሽ ተረፈ፣ ማክሰኞ ያርፋሉ አይደል? ቤት ይምጡልኝ» አለች።

ኮታቸውን ለብሰው፣ ብርቱካን ይዘው መጡ። ምሳ የተጠሩ መስሏቸዋል። እማዬ ብርቱካኑን ተቀብላ አመሰገነችና የሒሳብ መጽሐፌን ፊታቸው አስቀመጠች።

«ስንተኛ እንደሆነች ጠይቀው ነበር። ይፈትኗትና ይንገሩኝ።»

ጋሽ ተረፈ ኪሳቸውን ዳበሱ። «መነጽሬን አልያዝኩም።»

«እሷ ታነብልዎታለች» ብላ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ዞረች።

አነበብኩላቸው። ክፍልፋይ ነበር። አንዱን ራሳቸውም ተሳሳቱ፤ አብረን እንደገና ሠራነው። በላብ ተጠመቁ፤ ኮታቸውን አወለቁ። ምስሩ ሲበስል እማዬ መጥታ «ታዲያ ስንተኛ ናት?» አለች።

«ይኼ እኮ በአንድ ቀን አይታወቅም።»

«እንግዲያው የሚመጣው ማክሰኞ ይምጡ። መነጽርዎን እንዳይረሱ።»

መጡ። ነሐሴ አለፈ፤ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ጋሽ ተረፈ ይቅርታ አልጠየቁም። እሑድ እሑድ ልጆቹን መጠየቅም አልተዉም፤ እኔን ብቻ ሳይጠይቁ ማስቲካዬን ሰጥተውኝ ያልፋሉ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቅተኛል፤ በየኑዛዜው እናገረዋለሁ። ማካፈል ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ዛሬ ዳላስ አጠገብ ባለችው ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ ሁለት ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ። ሊጀምሩ ያሰቡ እናቶች ምክር ይጠይቁኛል። የምላቸው ጥቂት ነው። አጭር ይሁን፤ ልጁ ሳይሰለች አቁሙ። ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ። ያላወቃችሁትን አላውቅም በሉ፣ አብራችሁ ፈልጉ። አትፍሩ፤ ልጁን የሰጣችሁ አምላክ ማስተማሪያውንም ይሰጣል። ንዴቱ ይለቃል ብዬ ግን አልዋሻቸውም።

ያኔ ላውንድሪ ለመሄድ ደረጃ እንወርድ ነበር፤ ዛሬ ድራየሩ ቤቴ ውስጥ ነው። ያኔ እማዬ ብቻዋን ነበረች፤ ዛሬ እንደኔ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ግን ያው ነው። ባለፈው እሑድ የባለቤቴ እህት ሰላም ምሳ ልትበላ መጣች። ነርስ ናት፤ ልጆቼን ትወዳለች። የስምንት ዓመቷን ልጄን ማርታን «ማርቲ፣ ቴስት ስንት አመጣሽ?» አለቻት።

«እኛ ቴስት አናደርግም» አለች ማርታ።

ሰላም ወደ እኔ ዞረች። «ማለቴ፣ አትቆጪኝ እንጂ፣ ሆምስኩል ኦኬ ነው። ግን ልጅቷ ከማን እንደምትበልጥ፣ ከማን እንደምታንስ እንኳ አታውቅም። ነገ ትጠይቅሻለች።»

ነገን አልጠበቀችም። ሰላም እንደሄደች ማርታ ሳህን እያቀበለችኝ «እማ፣ እኔ ላስት ነኝ? መጨረሻ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። አዳራሹ ሁሉ እንደገና ሳቀብኝ። ሳህኑን አስቀምጬ አቀፍኳት።

በማግስቱ ጸሎት አድርሰን ልብሱን ድራየር ውስጥ ከተትኩ። ማርታ መጽሐፏን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑን አስነሳሁና ሰላም ጋ ደወልኩ።

«ሐሙስ ኦፍ ነሽ አይደል? ቤት ነይ።»

ምሳ መስሏት ደስ አላት። «ምን ይዤ ልምጣ?»

«መነጽርሽን» አልኳት።