አዴ ዘይነባ ፈትተው የሰጡኝ አሞርዛተር

ይህ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በደርግ ጊዜ፣ አሰበ ተፈሪ በጤና ረዳትነት ስሠራ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም። አንዳንዴ በእውኔ ይሁን በሕልሜ ያየሁት ለራሴም ይምታታብኛል።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ቦኬ አካባቢ ኩፍኝ ገብቶ ልጆች እየሞቱ ነው ተባለ። ክትባቱን የበረዶ ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ሳጥኑን ከመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ኋላ አስሬ በማለዳ ተነሳሁ። በረዶው ቢቆይ ቢቆይ እስከ ቀትር ነው። ከቀለጠ ክትባቱ ዋጋ የለውም።

የኩኒን ከተማ ካለፍኩ በኋላ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። የጫቱም የቡናውም ማሳ ጠፍቶ የሚታየኝ ከፊት ጎማዬ ሥር ያለችው መሬት ብቻ ሆነች። ደመና ላይ የምነዳ መሰለኝ። እንደፈዘዝኩ የኋላው ጎማ ጉድጓድ ገባና አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ሞተሩም ወደ ግራ ዘመም አለ።

ወርጄ አየሁት። የግራው የኋላ አሞርዛተር፣ ያ ሞላ ያለበት፣ የመንገዱን ነጠራ የሚያበርደው ብረት፣ ከላይ ከታሰረበት ተበጥሷል። በዚያ ላይ ተጭኖ መሄድ አይቻልም። ሳጥኑን ከፍቼ በረዶውን ነካሁት። ጠርዙ መቅለጥ ጀምሯል። መኪና የሚባል ነገር አይሰማም። ግራ ገብቶኝ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ብቅ አሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ፣ የውሃ ጀሪካን ያዘሉ ናቸው። ከእኔ በፊት ሞተሩን ነው ያዩት። ጎንበስ ብለው የተበጠሰውን ዳሰሱና፣

«አሞርዛተሩ ነው» አሉ።

በዚያ ገጠር ይህን ስም የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ምን ይዘህ ነው?»

«የኩፍኝ ክትባት ነው፣ እናቴ። ቦኬ ልጆች እየጠበቁኝ ነው። ከቀትር በፊት ካልደረስኩ ይበላሻል።»

ጀሪካናቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። ከዚያ፣ «ኮቱ፣ ና። ግፋው» አሉኝ።

ስማቸው ዘይነባ ነው፤ አገሬው በክብር «አዴ» ይላቸዋል፣ እናት እንደማለት። ቤታቸው ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነበር። ጓዳ አስገብተው አንድ የአልጋ ልብስ ገለጡ። ሥሩ ልክ የኔን የሚመስል ሞተር ቆሟል፤ ከኛው መሥሪያ ቤት በጨረታ የተሸጠ ነው። አንዲት ቅንጣት አቧራ የለበትም።

«የባሌ ነው። በዚህ እየዞረ ገበያ ለገበያ ሰዓት ይጠግን ነበር። አላህ ይርሃመው፣ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ዘመድ ሽጪው ይላል፣ እኔ እምቢ። ጁምዓ ጁምዓ እወለውለዋለሁ፣ ጎማውን አዞረዋለሁ።»

«ይሄንንማ አልነካም፣ አዴ» አልኩ።

«እኔ እነካዋለሁ» አሉና ከሳጥን የብሎን መፍቻ ቺያቬ አወጡ። «እሱ ሲፈታ የምይዝለት እኔ ነኝ።»

አሞርዛተሩን ያሰሩትን ሁለት ዳዶዎች ፈትተው፣ አንድ በአንድ ጠርገው ቀሚሳቸው ላይ አኖሩ። አሞርዛተሩ ሲወጣ ሞተሩ በአንድ ጎኑ ዝቅ አለ። በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት፤ በሽተኛ የሚደግፉ ነበር የሚመስሉት። ከሥሩ ድንጋይ አስጠጉለት። ከዚያ ወጥተን የኔ ላይ አሰርነው። እሳቸው ያጠብቃሉ፣ እኔ እይዛለሁ። 

«ሂድ፣ በረዶህ ያልቃል» አሉኝ።

ቦኬ ስደርስ በረዶው ሳስቶ ነበር፤ ግን ነበረ። በረዶው ሳያልቅ የቻልኩትን ያህል ልጅ ከተብኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አዲስ አሞርዛተር፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጥ አዲስ ካንዴላና ትንሽ ቤንዚን ይዤ ተመለስኩ። የባላቸውን ሞተር ወደ ደጅ አውጥተን አዲሱን አሞርዛተር ገጠምንለት። ስንጨርስ፣

«አስነሳው» አሉኝ።

ብዙ ረገጥኩት። ድንገት ተነሳ። አዴ ዘይነባ ግድግዳውን ይዘው ድምፁን ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ሻሻቸውን አጥብቀው መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«እስከ መንገዱ ጥምዝዝ ብቻ» አሉኝ።

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል፤ ከመንገዱ እንፋሎት ይነሳል። እኔን አልያዙኝም፤ የያዙት የኮርቻውን ብረት ነው። ጥቂት እንደሄድን፣

«እዚህ ጋ ቀስ በል» አሉኝ። «እሱ እዚህ ጋ ቀስ ይላል።»

ቀስ አልኩ። ጉድጓድ የለም፣ ቤት የለም፣ የሚታይ ነገርም የለም።  ጥምዝዙ ጋ ስንደርስ «ይበቃል» አሉ፤ ተመለስን። የአልጋ ልብሱን ራሳቸው አለበሱት።

ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ። ዳግም አላየኋቸውም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔ ያን ቀን የሠራሁት ደመወዝ የሚከፈለኝን ሥራ ነው። እሳቸው ግን ማንም እንዲነካው የማይፈልጉትን፣ አይተዋቸው ለማያውቁ ልጆች ብለው በእጃቸው ፈቱት። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፣ ደስም ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፤ ባላቸው እዚያ ቦታ ላይ ለምን ቀስ ይል እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።