ጨው የምታውቅ ምላስ

አክስቴ ኡሙሀኒ አልዩ አምባ ገበያ ሠላሳ ዓመት ጨው ሸጣለች። ከቆላ በግመል የመጣውን ጨው ጫፉን ላስ አድርጋ አፈር የገባበትን ትለያለች። ምላሷ ተሳስቶ አያውቅም።

በ1975 ዓ.ም. እግሯ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራት ደብረ ብርሃን ወሰድኳት። ሐኪሙ ልቧ መድከሙን ነግሮን ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን አዘዘላት። ጨው እንዳትነካም አስጠነቀቃት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨው በአፏ አልዞረም። የጨው ነጋዴዋ!

ከክኒኑ ጋር ሌላ ነጭ እንክብልም ተሰጣት። እዚያው መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ቆማ በምላሷ ነካ አደረገችው።

«ልጄ፣ ይሄ ጨው አይደለም እንዴ?»

መድኃኒት አዳዩ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «አዎ፣ የጨው ዓይነት ነው። ስብሰባ ረፍዶብኛል» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ጓዶቹ ይጠብቁታላ! ለአንዲት አሮጊት ሁለት ቃል የሚጨምርበት ጊዜ ከየት ያምጣ? እኔም መስኮቱን ሳላንኳኳ ይዣት ወጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ሳምንት «ልቤ ዘለል ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል» ማለት ጀመረች። ጉልበቷም ከዳት። በቃሬዛ ዳገቱን አንኮበር አውጥተን፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን አደረስናት። የተቀበለን ሌላ ሐኪም ነበር፤ ካርዷን አየና ጠየቃት።

«ነጩን እንክብል ይወስዳሉ፣ እማማ?»

የሻሿን ጫፍ ፈታችና እንክብሎቹን ሁሉ አሳየችው። «ወላሂ አንዱንም አልዋጥኩም! ጨው አትንኪ ብላችሁኝ የለ?» አለች፣ ኮራ ብላ።

ሐኪሙ ራሱን ያዘ። የሽንቱ ክኒን ከውኃው ጋር ፖታሲየም የሚባል ነገር ጠርጎ ያወጣል አለኝ። በደም ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ሲጎድል ግን ልብ አመታቱን ይስታል። እንክብሉ የጎደለውን የሚተካ ነበር። ጨው ጨው ይበል እንጂ የተከለከለችው ጨው አልነበረም። ይህን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ጉሉኮሱን ሊሰቅሉላት ሲጣደፉ ልቧ ቆመ።

አስከሬኗን ስንረከብ ካርዷን አየሁት። «የታዘዘላትን መድኃኒት አልወስድም ያለች» ተብሎ ተጽፎበታል። እንዲሰርዙት ለመንኩ፣ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። ቤቷ እስከ ጣሪያው ጨው ተከምሮ ሳለ፣ ሐኪም አለ ብላ ሦስት ሳምንት ጨው አልባ ወጥ የበላችው አክስቴ እምቢተኛ ተብላ ተቀበረች።