ሰው መስሎኝ የተቀበልኩት ትሪ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ፀሐይ ወደ ጣርማ በር ስታዘቀዝቅ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ አስካለ ወባ ይዟት በእህቴ በዘነበች ቤት ጠፍር አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ይዣት ልወጣ ነበር ሐሳቤ፤ ትኩሳቷ ግን አልበርድ አለ፣ ግመሎቹም አንድ ቀን አይጠብቁም። የሚያሻግሩን ነጋዴ ጋሼ ሰይድ ግንባሯን በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ "ይቺን ልጅ በረሃ ካስገባናት አናወጣትም። ለእህትሽ አደራ ስጪያት፤ አላህ ያለ ቀን ትከተልሻለች" አሉኝ።

እግሯን ሳምኩት። ፊቷን ብስማት ትነቃለች ብዬ ነው።

ለምን ወጣሽ ለምትሉኝ፣ ባለቤቴ ታስሮ ሳይመለስ ከቀረ በኋላ ቀበሌ በየሳምንቱ እየጠራ ቤቴ ማን እንደሚመጣ ይጠይቀኝ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ሊቀመንበሩ፣ "በሚቀጥለው ስትመጪ ስንቅ ይዘሽ ነይ" አለኝ። ከዚህ ሌላ የሚነገረኝ አልነበረም።

በረሃውን አልዘረዝርም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ላላለፈበትም አይድረሰው። ጅቡቲ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ አጠብኩ። ከዚያ በደግ ሰዎች እጅ፣ ከሁሉ በላይ በመድኃኔዓለም ፈቃድ፣ ስዊድን አገር ጎተንበርግ የምትባል ከተማ ደረስኩ።

ሮቢት ሰው ጥላ ፍለጋ ይዞራል፤ እዚህ ፀሐይ ብቅ ያለች እንደሆነ ሰው ሥራውን ጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እኛ ዘንድ ከዛፉ ሥር ረግፎ የምንረግጠውን ማንጎ እንደ አራስ ልጅ አንድ አንዱን በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡታል። አንቱ የለም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ "ታክ፣ ታክ" ሲል ይውላል፤ ማመስገናቸው ነው፤ እሱን ወደድኩላቸው። ያከራየችኝ አሮጊት ግን በርበሬ ሳቁላላ በሬን እየደበደበች የሚቃጠል ነገር አለ ትላለች። ወጥ ነው እላታለሁ። አንድ ቀን፣ "እሳት አደጋ እጠራለሁ" አለችኝ። "ይምጡ፤ ይበቃቸዋል" አልኳት።

አስካለን ለማምጣት የስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። መኮንኑ ልጄ የሚሆን ነው፣ አንቺ ይለኛል። በሆስፒታል ወጥ ቤት ምግብ አመላላሽ እንደሆንኩ፣ ውሌም በየስድስት ወሩ እንደሚታደስ ነገርኩት። ቋሚ የሥራ ወረቀት ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። የወጥ ቤት ኃላፊያችን ኢንግሪድ ደግ ሴት ናት፤ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን እፈርምልሻለሁ አለችኝ። በዚያው ወር ነው ሮቦቶቹ የመጡት።

ሮቦት የሚሉት ያለ ሰው የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሁለት ነበሩ፤ ሆስፒታሉ አንዱን መርጦ ሊገዛ ነው። አንዱ በአራት ጎማ የሚሄድ የብረት ሣጥን ነው፤ ከወለሉ በታች የተቀበረ ሽቦ እየተከተለ ይሄዳል። እጅም ራስም የለውም። ሁለተኛው ሰው ነው የሚመስለው፤ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ የመስተዋት ዓይን አለው። የሠራው ኒልስ የሚባል የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ስለ ምን እግር እንደሰጠው ብጠይቀው፣ "ቤቱ ሁሉ ለሰው የተሠራ ነው። ደረጃው ለሰው እግር፣ የበሩ እጀታ ለሰው እጅ። ለሣጥኑ ወለል መሰንጠቅ፣ ደፍ ማንሳት አለባችሁ፤ ለዚህ ግን ምንም አታፈርሱም" አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

አብራኝ የምትሠራው ፊንላንዳዊቷ አይላ ግን ትስቅበት ነበር። "ባለ እግሩ እንዲመረጥ ጸልዪ። እሱን ደግፎ ለማቆም ብቻ ሁለት ሴት ይቀጠራል" ትለኛለች። እኔ ባለቤቴን አስታወስኩ። ማሽላ ሲያሽት ጎረቤቶቻችን አሮጌ ኮት ያለበሱት እንጨት እርሻቸው ላይ ያቆማሉ፤ እሱ ገመድ ዘርግቶ ቆርቆሮ ያንጠለጥልበታል። ወፏ የምትፈራው ድምፁን እንጂ መልኩን አይደለም ይል ነበር።

የሚፈተሹበት ቀን ደረሰ። ሣጥኑ ምግቡን አድርሶ፣ በር ላይ ቆሞ ጮኸ፤ ምግቡን ሳነሳለት ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበለትም። ከዚያ ባለ እግሩ መጣ። ሹማምንቱና ኢንግሪድ ከኋላው ይከተላሉ፣ ኒልስ የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ይዟል። እኔ ከበሽተኛው ክፍል በር ላይ ነኝ። የታዘዝኩት እስኪቆም እንድጠብቅ፣ እንዳልነካውም ነው።

ጉልበቱን አጥፎ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ያስባል፣ ደግሞ ይራመዳል። ትሪው ላይ ሾርባው ይንቀጠቀጣል። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሸክም ይዞ የሚመጣን ሰው ቆሞ የሚያይ የለም፤ ብድግ ብሎ ይቀበላል። እጄ እኔን አልጠየቀኝም። "አምጣ፣ ልቀበልህ" አልኩት በአማርኛ፤ ትሪውን ከእጁ ወሰድኩ።

ትሪው እጄ ላይ ቀረ፤ እሱ ወደ ኋላ ተገነደሰ። አንገቱ ተሰበረ።

ከኋላው የነበሩት እጄን አላዩም። ሲወድቅ እኔ ሾርባውን ያተረፍኩ መሰላቸው። ኢንግሪድ ትከሻዬን ይዛ፣ "ታክ፣ ታክ" አለችኝ። ያን ምስጋና የት እንደማኖረው አጣሁ።

በማግስቱ ኒልስ ምድር ቤት ገብቶ መሣሪያውን በታትኖ ጥፋቱን ሲፈልግ አየሁት። በሁለተኛውም ቀን እዚያው ነው። የሌለ ጥፋት ነበር የሚፈልገው። የእኔ ወረቀት ደግሞ ዓርብ ነው የሚፈረመው። ለአይላ ነገርኳት። ከሥራ ያስወጡሻል፣ ያ እንኳ ቢቀር ቆጥረሽ የማትጨርሺውን ገንዘብ ያስከፍሉሻል አለች፤ "ዝም በይ፤ ብረት ነው፣ ነፍስ የለውም።"

"የሠራው ሰውዬ ግን አለው" አልኳት።

የንስሐ አባቴ አገር ቤት ናቸው። በዚያ ሳምንት ሥዕለ ማርያም ፊት ቆሜ መጸለይ አቃተኝ፤ አፌን ስከፍት የልጄ ስም ብቻ ነበር የሚወጣው። ሐሙስ ምድር ቤት ወረድኩና ለኒልስ፣ "የጣልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

አልተቆጣም። ባዶ ትሪ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘና እንደዚያ ቀን እንድቀበለው ጠየቀኝ። ተቀበልኩት፤ አልወደቀም። ሸክሙ ሲወሰድለት የሰው ጀርባ ሳያስበው እንደሚቃና፣ መሣሪያው ግን ሸክሙን ለማመዛዘን ወደ ኋላ እንዳዘነበለ እንደሚቀር አስረዳኝ። ከዚያ፣ "ከሣጥኑ ላይስ እንዲህ ትቀበያለሽ?" አለኝ።

"ሣጥን ማን ይቀበላል? እስኪቆም ጠብቄ አነሳለሁ።"

"እሱንስ ለምን አልጠበቅሽውም?"

"ሰው ይመስላል። ደከመው ብዬ ነው።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሰው እንዲመስል ስደክም የኖርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሊቀበለው ይመጣል፤ በሽተኛው ይደገፍበታል፣ ሕፃኑ እጁን ይጎትታል። እሱ ይህን አይችልም።" በዚያው ቀን ይህንኑ በገዛ እጁ ጽፎ ለኢንግሪድ ሰጣት። በእኔ ላይ አንዲት ክፉ ቃል አልጻፈም። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስበዋለሁ።

ሣጥኑ ተገዛ። ኢንግሪድ ዓርብ ጠርታኝ እውነቱን ስለነገርኩ አመሰገነችኝ፤ ይህኛው ምስጋና የእኔ ነበር። ቀጥላም ሣጥኑ ካለ አራት ሴት እንደማያስፈልጋት፣ እኔና አይላ እንደምንቀር፣ ግን ለስድስት ወር ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ቋሚውን ወረቀት አልፈረመችውም። ከሥራ አለመውጣቴንም ተመስገን ብያለሁ።

ቢሮው ተመልሼ ሄድኩ። "ስድስት ወር ቋሚ አይደለም" አለኝ ያ ልጅ።

"ልጄን የሚያመጣው አውሮፕላን አንድ ቀን ነው የሚፈጀው፣ ጌታዬ" አልኩት። አልሳቀም። ቀና ሳይል ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ባለፈው ቅዳሜ ስልክ ደወልኩ። ዘነበች በደብዳቤ በቀጠርነው ሰዓት አስካለን ይዛ የሮቢት ስልክ ቤት ጠብቃኛለች። ስልክ ላይ ብዙ ነገር አይነገርም፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቅን። አስካለ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ወፍሯል። ሥራዬን ጠየቀችኝ። በራሱ የሚሄድ ሣጥን ላይ ምግብ እጭናለሁ አልኳት።

"እጅ የለውም?"

"የለውም።"

"ታዲያ ሲደርስ ማን ያወርድለታል?"

"እኔው።"

"ያለ አንቺ አይሆንለትማ፣ እማዬ። ለቢሮው ሰውዬ እንደሱ ብለሽ አልነገርሽውም?"

"አልነገርኩትም፣ ልጄ።"

"ሂጂና ንገሪው" አለች። ልመልስላት ስል ስልኩ ተቆረጠ።

ቢሮው ሰኞ ይከፈታል።