ሃምሳ ካሬ የተባለው ሳሎን

ተናኜ ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ ሰሚት የምትደርሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከቦርሳዋ ሜትር፣ ውሃ ልክና ጠመኔ አይጠፋም። ሴራሚክ ማንጠፍ በቴክኒክና ሙያ ተምራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች፤ ከእጇ የወጣ ወለል ላይ ብይ ቢያስቀምጡ ንቅንቅ አይልም።

ሰሞኑን የያዘችው የወይዘሮ ወለተማርያምን ቤት ነው። ኮሪደሩን በሦስት ቀን ጨርሳ ወደ ሳሎኑ ልትገባ ስትል፣ ፎርማኑ ገመዳ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ሳሎኑ ሃምሳ ካሬ ስለሆነ ከነመጠባበቂያው ሠላሳ ዘጠኝ ካርቶን ሴራሚክ ይበላል፤ መደብሩ ግን ኮሪደሩ ከተነጠፈበት ቀለም የቀረው ሠላሳ አንድ ብቻ ነው፣ ዳግመኛም አይመጣም አለ። ወይዘሮ ወለተማርያም ደግሞ ቤታቸው ሁለት ቀለም እንዲሆን በጭራሽ አይፈልጉም። ስለዚህ ኮሪደሩ ተፈንቅሎ ሁሉም በሌላ ይነጠፍ ተባለ።

ተናኜ የሦስት ቀን ልፋቷን አየችው። ሙጫው ደርቋል፤ ቢፈነቀል አንድም ጤነኛ አይወጣም። ሃምሳው ከየት እንደመጣ ጠየቀች።

ገመዳ ቅር እያለው አስረዳት። ሳሎኑ እንደ አናጢ ስኳድራ በማዕዘን የታጠፈ፣ ሁለት ክንፍ ያለው ነው። ረጅሙ ክንፍ ስምንት በአራት፣ ሠላሳ ሁለት። አጭሩ ስድስት በሦስት፣ አሥራ ስምንት። ሁለቱንም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ራሱ ለክቷል።

ተናኜ ክንፎቹን ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረችና እጥፋቱ ላይ እንዲቆምላት ለመነችው። ቆመ።

«ጋሽ ገመዳ፣ አሁን የቆሙት የትኛው ክንፍ ውስጥ ነው?»

«ረጅሙ ውስጥ ነዋ።» ወደ መስመሩ ጎንበስ አለ። «አጭሩም ውስጥ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ የቆሙበትን ሁለቴ ልናነጥፈው ነው።»

በሩ ላይ ቆመው ያዩ የነበሩት ወይዘሮ ወለተማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «አቶ ገመዳ፣ ምንጣፍ መሰለዎት እንዴ የሚደራረበው?»

ገመዳን ራሱን ሳቅ አመለጠው። እጥፋቱ አራት በሦስት፣ አሥራ ሁለት ካሬ ነው፤ እሱ ከረጅሙ ጋር ተቆጥሮ ካበቃ፣ ከአጭሩ የሚቀረው ሁለት በሦስት፣ ስድስት ካሬ ብቻ ነው። በድምሩ ሠላሳ ስምንት። ተናኜ ለቁራጭና ለስብራት አንድ አሥረኛ ጨመረችበትና አንዱ ካርቶን በሚያለብሰው፣ በአንድ ነጥብ አርባ አራት ካሬ፣ አካፈለችው። ሠላሳ ካርቶን በቂ ሆነ። ገመዳ እዚያው እንደቆመ ወደ መደብሩ ደውሎ ሠላሳ አንዱንም አስያዘ።

ሳሎኑ በስድስተኛው ቀን አለቀ። ወይዘሮ ወለተማርያም መነጽራቸውን አድርገው ኮሪደሩና ሳሎኑ የሚገናኙበትን ቦታ ፈለጉ፤ አጡት።